ሚሌጅቪል፦ የገዢዎቹ ቤት ማንን አሳደረ?

አትላንታ የጆርጂያ ግዛት ዋና ከተማ መሆኗን በዲኬተርና በክላርክስተን የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ከእሷ በፊት ግን የግዛቱ መንግሥት ከስድሳ ዓመት በላይ የተቀመጠው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና በምታስኬደው በሚሌጅቪል ነበር። ከተማዋ በኦኮኒ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ለዚሁ ተብላ ነው፤ ከ1804 እስከ 1868 ድረስም ማዕረጉን ይዛ ቆየች (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአገረ ገዢዎቹ መኖሪያ ዛሬም እዚያው አለ። የዚህን ቤት ታሪክ ለመረዳት ማን እንደሠራው ከመጠየቅ ይልቅ ማን እንዳደረበትና ማን ማደሪያ እንደተከለከለ መጠየቅ ይሻላል።

ቤቱ በ1839 ተጠናቀቀ። ግዛቱ በጥጥ የከበረበት፣ የቼሮኪ ሕዝብም ከአባቶቹ መሬት በወታደር ተነቅሎ የተባረረበት ዘመን ነው። ንድፉን ያወጣው ትውልደ አየርላንዳዊው ቻርልስ ክላስኪ፣ ግንበኛው ቲሞቲ ፖርተር ነበሩ። ከፊቱ በግሪኮች አሠራር የቆሙ አራት ረጃጅም ዓምዶች አሉ። በሩን አልፎ የገባ ሰው ቀና ሲል ፎቁን ሰንጥቆ የሚወጣ ክብ አዳራሽ ያያል፤ ከ15 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይም ውስጡ በወርቅ ቅብ ያጌጠ ጉልላት ይጠብቀዋል። ባለጉዳይ ደጅ ሊጠና ሲመጣ ገና ከመግቢያው እንዲያንስ ታስቦ የተሠራ ይመስለኛል።

ግብዣው ከላይ ነው፤ ማድ ቤቱ ከምድር ቤት። እንጨት የሚሸከሙት፣ እሳት የሚያነዱት፣ ወጥ የሚሠሩትና ልጆች የሚያሳድጉት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። በ1861 ጥር ወር እዚያው ከተማ የተሰበሰቡ ተወካዮች በ208 ለ89 ድምፅ ከአሜሪካ ኅብረት እንገንጠል ብለው ሲወስኑ፣ ሊያቆዩት የፈለጉት ይህንኑ ሥርዓት ነው።

መገንጠሉ ያስነሣው የእርስ በርስ ጦርነት በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ከደጃቸው ደረሰ። በ1864 ኅዳር የፌዴራሉ ጄኔራል ሸርማን ጦር ከአትላንታ ወደ ባሕር ሲገሰግስ ሚሌጅቪልን ያዘ፤ ጄኔራሉም በገዢው ቤት ሰፈረ። አገረ ገዢው ጆሴፍ ብራውን ቀድሞ ሸሽቷል። ሸርማን በትዝታ መጽሐፉ እንደሚተርከው ብራውን ምንጣፉን፣ መጋረጃውንና የቤት ዕቃውን ጠራርጎ፣ ጥቅል ጎመን እንኳ ሳይቀር በባቡር ጭኖ ሲሄድ ጠመንጃና ጥይቱን፣ የመንግሥቱንም መዛግብት ትቶ ነበር። ጎመኑን አድኖ የግዛቱን መዝገብ የጣለ ሰው ሹመቱን እንዴት ያይ እንደነበር ለመገመት አይከብድም። ብራውን ኋላ ቢመለስም፣ በ1865 ግንቦት የፌዴራል ወታደሮች ከዚሁ ቤት ይዘውት ሄዱ።

ቤቱን መኖሪያነቱን ያሳጣው ግን ከጦርነቱ በኋላ የመጣ የማደሪያ ጉዳይ ነው። አዲስ ሕገ መንግሥት የሚያረቅቀው ጉባኤ በ1867 መጨረሻ ሊሰበሰብ ሲል ከተወካዮቹ መካከል 37 ጥቁሮች ነበሩ። የሚሌጅቪል የእንግዳ ማረፊያዎች እነዚህን ሰዎች አናሳድርም አሉ። ጉባኤው አትላንታ ላይ ተቀመጠ፤ ዋና ከተማነቱም ወደዚያው እንዲዛወር ወሰነ። ለአትላንታ መመረጥ የባቡር መስመሯና ንግዷም ምክንያት ሆኗል። ቢሆንም አንዲት ከተማ አልጋ ነፍጋ መንግሥቷን አሳልፋ መስጠቷ ከሁሉ ይበልጥ የሚታወስ ነው።

በቤቱ ከኖሩት የመጨረሻዎቹ አገረ ገዢዎች አንዱ ቻርልስ ጄንኪንስ ለዚያ ጉባኤ የግዛቱን ገንዘብ አላወጣም ብሎ እምቢ አለ። ያኔ ግዛቱ በፌዴራል ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበርና አዛዡ ጄኔራል ሚድ በ1868 ጥር ከሥልጣን አወረደው። ጄንኪንስ የግዛቱን ማኅተም ይዞ ወጣ፤ ለዓመታት ደብቆ አቆይቶም ወታደራዊው አስተዳደር ካበቃ በኋላ መለሰው። ደጋፊዎቹ እንደ ጀግና አከበሩት። ለእኔ ግን ማኅተሙ የተሸሸገው ገና ድምፅ መስጠት ከጀመሩ ሰዎች ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የወታደራዊ ትምህርት ቤት ልጆችን አስጠለለ። በ1889 ለነጭ ሴቶች ብቻ የተቋቋመው ኮሌጅ ተረከበው፤ የኮሌጁ ፕሬዚዳንቶችም እስከ 1987 ድረስ ኖሩበት። ይኸው ተቋም እስከ 1960ዎቹ አንድም ጥቁር ተማሪ አልተቀበለም። ደራሲዋ ፍላነሪ ኦኮነር በአፍላ ዕድሜዋ የኖረችው ከጎኑ ባለው ግቢ ሲሆን የተማረችውም በዚሁ ኮሌጅ ነው። አትላንታ ውስጥ አሁን ያለው የአገረ ገዢ መኖሪያ የተከፈተው በ1968፣ ሚሌጅቪል ማዕረጓን ካጣች ልክ በመቶ ዓመቱ ነው።

አሮጌው ቤት በ2000ዎቹ መጀመሪያ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ታድሶ ሙዚየም ሆኗል። ከአትላንታ የሚመጣ የእኛ ሰው ልጆቹን ይዞ ቢሄድ እወዳለሁ። ጉልላቱ ዓይን ይስባልና ልጆቹ ወደ ላይ መሮጣቸው አይቀርም፤ እኔ ብሆን ግን ጉብኝቱን ከምድር ቤቱ ምድጃ እጀምራለሁ።