የጫካ ስልት አኳሪየም፦ ለአዲስ አበባ ቤት የትኛው ተክል ይመረጥ?

ባምቢስ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ ባለ ሳሎን ወይም ቢሮ ውስጥ መቶ ሊትር ውኃ የሚይዝ አኳሪየም ማስቀመጥ የፈለገ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ዓሣው ነው። ተክሉ እንደ ጌጥ ስለሚቆጠር አረንጓዴ የሆነው፣ ርካሽ የሆነውና ቶሎ የሚያድገው ይገዛል። በጫካ ስልት ለሚሠራ አኳሪየም ግን ዋናው ተክሉ ነው፤ ዓሣው በደኑ ውስጥ የሚኖር እንግዳ ነው። ቶሎ የሚያድገውን የመምረጥ ልማድ ደግሞ ከሳሎን አልፎ ወንዝና ሐይቅ ድረስ የሚደርስ መዘዝ አለው። የጣና ዳርቻ አርሶ አደሮች ይህን መዘዝ በስሙ ያውቁታል፤ እምቦጭ ይሉታል።

የአኳሪየም ዕፅዋት አተካከል በዓለም ላይ የተለያዩ ስልቶች አሉት። የሆላንድ ስልት የሚባለው ተክሎችን እንደ አበባ መደብ በረድፍ ያሰልፋል። እ.ኤ.አ ከ1954 እስከ 2015 የኖረው ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ታካሺ አማኖ ያስፋፋው ስልት ደግሞ ድንጋይንና ግንድን በጥንቃቄ አደራጅቶ የተፈጥሮን መልክ ይቀርጻል። ሁለቱም መቀስ በእጁ የማይለየው ባለቤት ይፈልጋሉ። የጫካ ስልት ግን ተክሉን ይለቀዋል። ሰፋፊ ቅጠሎች ከፊት ሳይቀር ይበቅላሉ፣ እንደ ሣር የረዘሙት እስከ ውኃው ገጽ ደርሰው ይተኛሉ፣ ግንዱ ሽበት ያበቅላል፣ ብርሃኑም ተሰባብሮ ወደ ታች ይወርዳል። ለሰነፍ የተሠራ ቢመስልም ሥራው ተክሉ ከመግባቱ በፊት ያልቃል። የተሳሳተ ተክል የገባበት ጫካ በጥቂት ወራት ውስጥ ወይ ይበሰብሳል ወይ ገንዳውን ይውጠዋል።

ምርጫው የሚጀምረው ከቦታው ነው። ማዕከላዊ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የሌሊቱ አየር ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይወርዳል። ማሞቂያ በሌለው ገንዳ ያለው ውኃም ከ20 ዲግሪ በታች መሆኑ የተለመደ ነው። አብዛኞቹ የአኳሪየም ዕፅዋት ከሞቃት አገሮች የመጡ ስለሆኑ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ይስማማቸዋል። ለአንድ ሊትር አንድ ዋት የሚለው የተለመደ ልኬት ለመቶ ሊትር ገንዳ የመቶ ዋት ማሞቂያ ያስፈልጋል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ማሞቂያውም ስለሚጠፋ፣ ለከተማዋ የሚሻለው ብርድን ለጥቂት ቀናት የሚችል ተክል ነው።

ሁለተኛው የከፍታ ውጤት በዓይን አይታይም። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውኃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር ወደ 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚይዘው ወደ 7 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ዕፅዋት ቀን ብርሃን እያዩ ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ሁሉ ኦክስጅን ይወስዳሉ። ስለዚህ በተክል ጢም ያለና የውኃው ገጽ በተንሳፋፊ ቅጠል የተከደነ ገንዳ ንጋት ላይ ዓሣውን ሊያፍን ይችላል። ማለዳ ዓሦች አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲተነፍሱ ከታዩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከውኃው ገጽ ቢያንስ ግማሹ ክፍት እንዲሆንና የማጣሪያው ውኃ ገጹን እያንቀሳቀሰ እንዲወርድ ማድረግ ይገባል።

የውኃው ዓይነትም ከሠፈር ሠፈር ይለያያል። የከተማዋ ውኃ በከፊል ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ በከፊል ደግሞ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ይመጣል። የጉድጓድ ውኃ በማዕድን የበለጸገ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ ጠንካራ ውኃ መሆኑን ያመለክታል። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውኃ ክሎሪን ስላለው በሰፊ ባልዲ ለአንድ ቀን ተከፍቶ ይቆያል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት በሮቶ የሚጠራቀመውም ቢሆን ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት እንዲሁ ቢቆይ ይመረጣል።

በዚህ ሁኔታ ቀዳሚው ምርጫ አኑቢያስ ነው። ይህ ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ያለው ተክል የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ወንዞች ልጅ ሲሆን በጥላ ሥር ማደግ ለምዷል። ዝግተኛ ነው፤ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። አሞኒያና ፍግ መሰል ቆሻሻ ባለበት ውኃ እንኳ በቀላሉ አይሞትም። አኑቢያስን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ተካዩ ራሱ ነው። አግድም የሚሄደው ወፍራም ግንደ ሥሩ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳልና በክር ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ይታሰራል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥሩ ራሱ ይጨብጣል። የጃቫ ፈርንም እንዲሁ ይታሰራል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣው ይህ ፈርን ወደ 18 ዲግሪ የወረደ ውኃ ይችላል፤ በቅጠሉ ጫፍና ጀርባ ላይ ትናንሽ ችግኞች ስለሚያበቅልም አንድ የገዛ ሰው ከዓመት በኋላ ለጎረቤት ያካፍላል።

ከእነዚህ ሁለቱ ይበልጥ ጫካ የሚመስለው የአፍሪካ የውኃ ፈርን፣ ቦልቢቲስ ነው። ተፈጥሯዊ ስርጭቱ ከኢትዮጵያ እስከ ሴኔጋል ይዘልቃል። ቅጠሉ እንደ ወፍ ላባ የተቆራረጠና በብርሃን ውስጥ ሲታይ የሚያሳልፍ ነው። የሚወርድ ውኃ ይወዳልና ማጣሪያው ፊት ለፊት ይታሰራል። የጃቫ ሞስ የተባለው ሽበት መሰል ተክል ደግሞ የግንዱን ቁስል ሁሉ ይሸፍናል፤ ለሕፃን ዓሦችም መሸሸጊያ ይሆናል።

ከሥር ከሚተከሉት ውስጥ ክሪፕቶኮራይን ለመካከለኛው ስፍራ ተመራጭ ነው። ከስሪላንካና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ ሲሆን ቡናማም አረንጓዴም ዓይነት አለው። ይህን ተክል የገዙ ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት አውጥተው ይጥሉታል፤ ምክንያቱም ውኃና ብርሃን ሲቀየርበት ቅጠሉ ሁሉ ቀልጦ ይረግፋል። ሥሩ ግን በሕይወት አለ። ሳይነቀል ከተተወ ለአዲሱ ውኃ የሚስማማ ቅጠል ያወጣል። ለኋለኛው ግድግዳ ቫሊስኔሪያ ተስማሚ ነው፤ ረጅም ሪባን የሚመስል ቅጠሉ የውኃው ገጽ ላይ ተኝቶ ለጫካው ጣሪያ ይሆናል። ጠንካራ ውኃ አይጎዳውም፣ ብርድም ይችላል። በአፈር ውስጥ ተሳቢ እየላከ ስለሚዛመት ግን በየጊዜው መሳሳት አለበት። የአማዞን ሰይፍ የሚባለው ሰፊ ቅጠል ከግማሽ ሜትር ሊበልጥ ስለሚችል ለመቶ ሊትር ገንዳ አንድ ብቻ ይበቃል። ሁለት የተከለ ሰው ሌላ ተክል መትከያ አያገኝም።

አፈሩን በተመለከተ አርሶ አደር የሚያውቀው ዕውቀት እዚህ በግማሹ ይሠራል፤ በግማሹ ያሳስታል። ፍግና ኮምፖስት ማሳን ያለማል፤ ውኃ ሥር ሲበሰብስ ግን አሞኒያ ለቅቆ ዓሣ ይገድላል። ፍግ ያልነካው ብረት አዘል ቀይ አፈር በሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተነጥፎ ላዩ በአራት ሴንቲ ሜትር ጠጠር ሲሸፈን ለዓመታት ያገለግላል። ጠጠሩ ኖራ አዘል አለመሆኑን ለማወቅ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ ከፈላና አረፋ ካወጣ ይቀራል። የአገራችን ጥቁር ድንጋይና ቀዳዳማው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከዚህ ችግር ነፃ ናቸው፤ ለሥር መጨበጫም ይመቻሉ። ሙጫ ያለው የጽድ እንጨትና እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን አይገቡም።

መብራቱ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይበራል። ገንዳውን ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት ሥር ማስቀመጥ የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው፤ ከተክሉ ቀድሞ አልጌ ይለመልማል። ዓሣውም ቢሆን ተክሉን እንዳይበላ ተደርጎ ይመረጣል። ቆሮሶ ለምለም ቅጠል ይወዳል፣ ወርቃማ ዓሣም ይነቅላል፤ ጉፒና መሰሎቹ ግን ከጫካው ጋር ይስማማሉ።

የማይመረጡት ተክሎች ዝርዝር አጭር ነው፤ መዘዛቸው ግን ረጅም ነው። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ ተክል ነው። ከትውልድ ቦታው ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በዋናነት ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር፣ ሰዎች ለኩሬና ለአትክልት ስፍራ ጌጥ ስለወሰዱት ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ሲሆን በጣና ሐይቅ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2011 ታወቀ። በተመቸው ውኃ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የደንቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ አርሶ አደሮች ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለውታል። የተነቀለው ቦታ ተመልሶ ሲሸፈን፣ መረቡ ሲያዝ፣ ታንኳው መውጫ ሲያጣና የዳርቻው ግጦሽ ሲጠፋም አይተዋል።

እምቦጭን ዛሬ ማንም አውቆ ሳሎኑ አያስገባም ቢባል እንኳ ዘመዶቹን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሳልቪኒያ የምትባለው ትንሽ ተንሳፋፊ ፈርን ለአኳሪየም ጥላ ተብላ ትሸጣለች። ግዙፏ የሳልቪኒያ ዝርያ ዘር የላትም፤ ከተቆረጠ ቁራጭ ብቻ ነው የምትራባው። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ያለው የካሪባ ሐይቅ እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ አምስተኛ ያህል ገጹ በእርሷ ተሸፍኖ ነበር። የውኃ ሰላጣ የሚባለው ፒስቲያም ከዚሁ ወገን ነው። ኤጌሪያ ደግሞ ብርድ ስለሚችልና ከአንድ ቁራጭ ስለሚያድግ ለአዲስ አበባ ገንዳ እጅግ የሚመች ይመስላል፤ አደገኛ የሚያደርገውም ለገንዳው የመቸው ብርድ ቻይነቱ ለወንዙም የሚመቸው መሆኑ ነው።

ወንዙ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ቀበና፣ ግንፍሌና ባንተይቀጡ ከማዕከላዊ አዲስ አበባ ወርደው ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፤ ትልቁ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይዘልቃል። ካዛንቺስ ላይ ከገንዳ ጋር ወደ ቦይ የተደፋ ቁራጭ ተክል በክረምት ጎርፍ በመንገዱ ሁሉ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ውኃ የሚቀዱበት ስፍራ ሊደርስ ይችላል። በአባ ሳሙኤል እምቦጭ ከሰፈረ ቆይቷል፤ ሌላ እንግዳ አያስፈልገውም።

ስለዚህ የተከረከመ ተክል ወደ መጸዳጃ ቤትም ወደ ቦይም አይጣልም። በሰገነት ወይም በቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ እስኪንኮሻኮሽ ይደርቅና ለአበባ ማሰሮ አፈር ይቀላቀላል። ገንዳውን መተው የፈለገ ሰውም ተክሉን ለሌላ አኳሪየም ባለቤት ይሰጣል እንጂ ወንዝ ዳር አይለቅም። ከውጭ አገር ተክል የሚያስመጣም የማስገቢያ ፈቃድና የተክል ጤንነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ሻንጣ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚገባው ተክል ይህን ሁሉ ይዘላል።

ከጣና ራሱ ተክል ማምጣት የሚያስቡም አሉ። በእርግጥ ቫሊስኔሪያና ሥር አልባው ሰራቶፊለም በሐይቁ ውስጥ በተፈጥሮ ይበቅላሉ፤ ሰራቶፊለም ብርድ ስለሚችልና ከውኃው የተረፈ ንጥረ ነገር ስለሚመጥ ለአዲስ ገንዳ ጥሩ ጅምር ነው። ይሁንና በቅጠሉ መካከል የእምቦጭ ዘር ወይም የቢልሃርዚያን ትል የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ ሊኖር ይችላል። ቢልሃርዚያ በጣና ዳርቻ የሚታወቅ በሽታ ነውና ተክሉን ባዶ እጅን ውኃ ውስጥ ነክሮ መልቀም አይገባም። ከሻጭም ይሁን ከሐይቅ የመጣ ተክል ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ሁለት ሳምንት በተለየ ባልዲ ይቆያል። በቅጠሉ ጀርባ የተለጠፈ እንደ ሙጫ የሚያንጸባርቅ የቀንድ አውጣ እንቁላል ከተገኘ ቅጠሉ ተቆርጦ ይወገዳል። የባልዲው ውኃም ወደ ፍሳሽ ቦይ ሳይሆን ፀሐይ በሚመታው ደረቅ አፈር ላይ ይደፋል።