«ጁዋ ካሊ»፦ ከናይሮቢ ጎዳና ወደ ፖሊሲ ሰነድ

የኬንያ የኢኮኖሚ ማሻሻያ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በዕድገት መቶኛና በብድር መጠን ነው። ታሪኩ በቃላት በኩል ሲታይ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ለሠራተኛው ስም የሚያወጣለት ማን ነው? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1963 ነጻነት ሲታወጅ ጆሞ ኬንያታ ሕዝቡን ለልማት የጠሩት «ሃራምቤ» በሚለው፣ ሠራተኞች ከባድ ነገር በኅብረት ሲጎትቱ በሚያሰሙት ቃል ነበር። ዕቅዱ ግን የተጻፈው በሌላ ቋንቋ ነው። የአፍሪካ ሶሻሊዝምን መርሕ ያስቀመጠው የ1965ቱ የፖሊሲ ሰነድ ቁጥር 10 በእንግሊዝኛ ተዘጋጀ። በ1974 ስዋሂሊ የምክር ቤቱ ቋንቋ እንዲሆን ቢታወጅም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ረቂቅ ሕጎችና የገንዘብ ነክ ውሳኔዎች ሰነዶች በእንግሊዝኛ እንዲጻፉ ደነገገ። እንደራሴው በስዋሂሊ ይከራከር እንጂ፣ የሚከራከርበት የገንዘብ ሰነድ እንግሊዝኛ ነበር።

በዚሁ ዘመን ከካሙኩንጂና ከጊኮምባ ሠፈሮች ሌላ ስም ወጣ። ጣሪያ በሌለው ቦታ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ምድጃ፣ መጥበሻና ሣጥን የሚሠሩ ባለሙያዎች «ጁዋ ካሊ» ተባሉ፤ «ጁዋ» ፀሐይ፣ «ካሊ» ብርቱ ወይም ኃይለኛ ማለት ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ልዑክ ስለ ኬንያ በ1972 ያወጣው ዘገባ እነዚህንና መሰሎቻቸውን «ኢ-መደበኛ ዘርፍ» ሲል መደባቸው። ኪት ሃርት ቀደም ሲል በጋና ጥናቱ የተጠቀመበትን ይህን አገላለጽ በዓለም ያስፋፋው ይኸው ዘገባ ነው።

ሁለቱ ስያሜዎች በአመሠራረታቸው ይለያያሉ። «ኢ-መደበኛ» በአፍራሽ ቅጥያ የተሠራ ስለሆነ ሠራተኛውን የሚገልጸው በሌለው ነገር ነው። «ጁዋ ካሊ» ደግሞ የሥራውን ሁኔታ በቀጥታ ይናገራል፤ በውስጡም ጥያቄ አለው። «ፀሐይ በረታብን» የሚል ሰው የሚጠይቀው ጥላ ነውና። የዳንኤል አራፕ ሞይ መንግሥት በ1980ዎቹ አጋማሽ ለካሙኩንጂ ባለሙያዎች መጠለያ ሲያሠራ፣ ምላሹ ስሙ ራሱ ያነሣውን ጥያቄ የተከተለ ነበር። በ1992 የወጣው የፖሊሲ ሰነድ ቁጥር 2 «ጁዋ ካሊ»ን ሳይተረጉም በርእሱ ላይ አሰፈረ። የሰነዱ ቋንቋ ያው እንግሊዝኛ ነበር፤ ቃሉ ግን የጎዳናው ነው።

ዕውቅናው የመጣው በአስቸጋሪ ጊዜ ነበር። ለጋሽ አገሮች በ1991 መጨረሻ አዲስ ርዳታ አገዱ፤ በ1993 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የዋጋ ንረቱ ከ40 በመቶ አለፈ። የገቢ ንግድ ሲፈታ «ሚቱምባ»፣ ማለትም በእስር የሚመጣው ልባሽ ጨርቅ፣ የጊኮምባን ገበያ አጥለቀለቀ። ከመደበኛ ሥራ የተቀነሱትም ብዙዎቹ መግቢያቸው ጁዋ ካሊ ሆነ። ቃሉ ከአንጥረኞች አልፎ በራሱ ጥሮ ለሚያድር ሁሉ መጠሪያ የሆነው በዚህ ሂደት ነው።

በኢትዮጵያ የቃሉ ጉዞ የተገላቢጦሽ ነበር። «ጥቃቅንና አነስተኛ» የሚለው ስያሜ በ1997 በወጣው ስትራቴጂ ጸንቶ፣ ከቢሮ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌም ወደ ዕለታዊ ንግግር ወረደ። መለኪያው መጠን ነው፤ ሠራተኛው ምን እንደጎደለው አይናገርም። ናይሮቢ በ2022 «ሃስለር ፈንድ» የተባለ የብድር ተቋም ሲመሠረትም መንግሥት ስሙን የወሰደው ከጎዳናው ነበር።

ይሁንና የስም ዕውቅና የመብት ዕውቅና ማለት አይደለም። «ጁዋ ካሊ» ሰነድ ላይ ከሰፈረ ከ30 ዓመት በላይ ቢያልፍም ብዙዎቹ ባለሙያዎች ዛሬም የሚሠሩት ደጅ ነው። የክልል ቋንቋዎችን ለሚያጠና ሰው የኬንያ ታሪክ አንድ ሥራ ይጠቁማል፦ ስያሜዎችን ከመመዝገብ ባሻገር ስያሜው ከየት እንደተነሣ፣ ማን እንደወሰደውና ሲወሰድ በውስጡ የነበረው ጥያቄ አብሮ መሄዱን መመርመር።