ዋጋና ቅኝት

ልደታ ውስጥ የወጣቶች የሙዚቃ ቡድን ለማቋቋም የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ «የትኛውን ኪቦርድ እንግዛ?» የሚል ነው። ለዚህ ከሱቅ መስኮት ይልቅ ታሪክ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሙግ ዋጋው 1,495 ዶላር ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። በ1983 የቀረበው ያማሃ ዲኤክስ 7 በ1,995 ዶላር 16 ድምፆችን ባንድነት አሰማ። በ1986 ገደማ በ100 ዶላር አካባቢ የተሸጠው ካሲዮ ኤስኬ 1 ደግሞ 4 ድምፅና 32 ትናንሽ ቁልፎች ብቻ ቢኖሩትም፣ የውጭ ድምፅ በማይክሮፎን ቀድቶ መልሶ ያጫውት ነበር። ስለዚህ የክራርን ድምፅ መቅዳት የቻለው ርካሹ እንጂ ውዱ ዲኤክስ 7 አልነበረም።

የዋሊያስ ባንዱ አርቲስት ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን የቀዱት ካሴት ዲኤክስ 7ን፣ ሮድስ ፒያኖንና ሙግን ከአኮርዲዮን ጋር ያዋሐደ ነው። አሮጌዎቹን ዜማዎች ያደሰው የመሣሪያዎቹ ዋጋ ሳይሆን ከወጣትነት ጀምሮ በአኮርዲዮን የሠለጠነ እጅ ነው።

ፋብሪካ ኦክታቭን በ12 እኩል ክፍል ይቃኛል፤ የማሲንቆና የድምፃውያን ዜማ ግን በድምፆች መካከል ይንሸራተታል። በሚኒሙግና በዲኤክስ 7 ግራ በኩል ያለችው ድምፅ ማጠፊያ መንኮራኩር ይህን በከፊል ታስመስላለች። አንድ ኪቦርድ የነፋስ መሣሪያዎችን ቡድን ተክቶ በቆመባቸው መድረኮች ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው መንሸራተት ነው።

እንግዲህ ገዢው የድምፁን ብዛት ከመቁጠሩ በፊት መንኮራኩሯን ይፈልግ፤ ከዋጋው የተረፈውንም ለተጫዋቹ ሥልጠና ያውል።