የአንዲት ትንሽ ዓሣ ስምና መኖሪያ

አንድ ፍጡር በሚገባ ታወቀ የሚባለው ስም ስለ ወጣለት ብቻ ሳይሆን፣ የት እንደሚኖርም በትክክል ሲረጋገጥ ነው። ኤቪዮታ የተባሉት የጎቢ ወገን ዓሦች ታሪክ ይህን በግልጽ ያስረዳል። አብዛኞቹ ርዝመታቸው ከ3 ሳንቲ ሜትር የማያልፍ ሲሆን፣ በሞቃት ባሕሮች የኮራል ዐለት ላይና በስብርባሪው መካከል ተሸሽገው ይኖራሉ።

በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በቁሴይር ከተማ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቤንያሚን ክሉንዚንገር፣ እ.ኤ.አ. በ1871 ከእነዚህ ዓሦች አንዱን ፕራሲነስ ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም የባሮ ሽንኩርት ዓይነት አረንጓዴ ማለት ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ቀለም ዓሣው በአልኮል ውስጥ ሲቀመጥ ይጠፋል። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ የመጡት ሊቃውንት በራሱ ላይ ያሉትን የስሜት ቀዳዳዎች፣ የክንፎቹን ዘንጎች ቁጥርና ሳይደበዝዙ የቀሩትን ጥቁር ነጠብጣቦች በማጉያ መሣሪያ እየመረመሩ ዝርያን ከዝርያ ለመለየት ተገደዱ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ኧርነስት ላክነርና ሱዛን ካርኔላ በዚሁ መንገድ የቀይ ባሕርን ኤቪዮታዎች መርምረው ሦስት አዳዲስ ዝርያዎችን አስታወቁ። ከሦስቱ አንዱ ኤቪዮታ ዜብሪና ነበር። የስሙ መለኪያ የሆነው ናሙና የተገኘው ግን በሲሸልስ ደሴቶች ነው። ከዚያ በኋላ ይኸው ዓሣ ከቀይ ባሕር እስከ አውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ዐለት ድረስ ተሰራጭቶ እንደሚኖር ለረጅም ዘመን ታመነ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሉክ ቶርናቤኔ፣ ዴቪድ ግሪንፊልድና ማርክ ኤርድማን ያወጡት ጥናት ይህን እምነት ለወጠው። ሊቃውንቱ የዓሦቹን የሕይወት ቀለምና የዘር ውርስ ሲያነጻጽሩ፣ አራቱ ከዚያ በፊት ስም ያልነበራቸው ስምንት ተቀራራቢ ዝርያዎች መሆናቸውን አረጋገጡ። ዜብሪና የሚለው ስም ለሲሸልስና ለማልዲቭ ዓሣ ሲጸና፣ የቀይ ባሕሩ ዓሣ ማሬሩብሩም ተባለ፤ ይኸውም በላቲን ቀይ ባሕር ማለት ነው። በቀይ ባሕር ጥናት ውስጥ የወጣው ስም የቀይ ባሕሩ ዓሣ ስም አለመሆኑ የታወቀው ከ43 ዓመታት በኋላ ነው።

ነገሩ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ የዚሁ ወገን አባል የሆነው ኤቪዮታ ሲጊላታ ቢበዛ 59 ቀን ብቻ እንደሚኖር አሳይቷል። ዕድሜው እንዲህ ላጠረ ፍጡር፣ የኮራሉ የጥቂት ወራት ጉዳት የብዙ ትውልድ ጉዳት ነው። የተለያዩ ዝርያዎች በአንድ ሰፊ ስም ሲጠሩ ደግሞ፣ አንዱ ከመኖሪያው ቢጠፋ እንኳ «በሌላ ባሕር አለ» ተብሎ መታለፉ አይቀርም። ናሙና የሚሰበስብ ሁሉ የተገኘበትን ስፍራ፣ ጥልቀቱንና የሕያውን ዓሣ ቀለም አብሮ እንዲመዘግብ የሚያስገድደውም ይኸው ነው።