በምሳ ዕቃ የወጣው ሰማያዊ

ፈረቃው አልቆ ከጉድጓድ የሚወጣው የቢዝቢ ማዕድን ቆፋሪ ምሳ ዕቃው ጠዋት ሲገባ ከነበረው ይልቅ ማታ የሚከብድበት ቀን ነበር። ምሳው ተበልቷል፤ በቦታው የገባው ድንጋይ ነው።

ቢዝቢ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ በተራሮች መሃል የተሸጎጠች ከተማ ናት። በ1877 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጃክ ደን የተባለ የጦር ሠራዊት መንገድ መሪ በዚያ ሲያልፍ የማዕድን ምልክት አየ። ብዙም ሳይቆይ ኮፐር ኩዊን፣ «የመዳብ ንግሥት» የተባለው ማዕድን ተከፈተ። የአካባቢው ቁፋሮ እስከ 1975 ዘለቀ።

የመዳብ ሰታቴ ሳይወለወል ሲሰነብት አረንጓዴ ያወጣል። በቢዝቢ ከርሰ ምድር የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የዝናብ ውሃ ሰርጎ መዳቡን አሟሟው፤ ከኖራ ድንጋዩ ጋር ሲገናኝ ደግሞ በየዋሻውና በየስንጥቁ መልሶ አረጋው። ሰማያዊው አዙራይት፣ አረንጓዴው ማላካይት ይባላል። አዙራይት ቀለሙ ሲጠልቅ ጥቁር ይመስላል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ነው ሰማያዊነቱ የሚወጣው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በለውጥ ላይ ያለው ነው፦ የአዙራይት ቅርፁን፣ ስለት ያለውን ጠርዙን ሳይቀር እንደያዘ ውስጡ ማላካይት ሆኗል። አንዳንዱ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል።

ለእቶኑ ግን ይህ ሁሉ መዳብ ነው፤ ስንቱ ውበት ቀልጦ ሽቦ ሆኗል! ከእሳቱ ከተረፈው ብዙው የተረፈው ቆፋሪዎቹ በምሳ ዕቃቸው ስላወጡት ነው። አለቆችም ብዙ ጊዜ አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ዛሬ የቢዝቢ ድንጋዮች በታላላቅ ሙዚየሞች መስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የማዕድኑና የቦታው ስም ይጻፋል፤ ያወጣቸው ሰው ስም ግን እምብዛም አይገኝም።

ስለነዚያ ሰዎች ሳስብ 1917 ይመጣብኛል። ሠራተኞቹ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ጁላይ 12 ቀን ሲነጋ የታጠቁ ሰዎች በየቤቱ እየገቡ ወንዶችን ሰበሰቡ፤ 1,200 ገደማ የሚሆኑትን ከብት በሚጫንበት የባቡር ፉርጎ አጭቀው ወደ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ወሰዷቸው። ብዙዎቹ ከሜክሲኮና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ነበሩ። አብዛኞቹ ወደ ቢዝቢ አልተመለሱም። ክስ ቢመሠረትም የተፈረደበት ሰው የለም።