ከኪንግስተን ማዶ፤ ጃማይካ በተራራዋ፣ በማዕዷና በባሕር ዳርቻዋ

ጃማይካ በተነሣች ቁጥር የአብዛኞቻችን ሐሳብ ኪንግስተን ላይ ያርፋል። አንዱ ሬጌን ያስታውሳል፤ ሌላው ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና ከአውሮፕላናቸው ሳይወርዱ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ ሜዳውን ያጥለቀለቀበትን ዕለት ያነሣል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በዋና ከተማዋ ተወስነው አልተመለሱም፤ በባቡር እስከ ሰሜን ምዕራቡ ጠረፍ፣ እስከ ሞንቴጎ ቤይ ድረስ ዘልቀዋል። እኛም ዛሬ ከከተማዋ ወጣ እንበል፤ የዚህችን ደሴት ታሪክ ከአደባባይዋ ይልቅ ተራራዋ፣ ማዕዷና የባሕር ዳርቻዋ አጥርተው ይነግሩናልና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኪንግስተን ጀርባ ብሉ ማውንቴንስ የሚባሉት ጉም የማይለያቸው ተራሮች ይነሣሉ፤ ከፍተኛው ጫፍ 2,256 ሜትር ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ ኮክፒት ካንትሪ የሚባል፣ በኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች፣ በጎድጓዳ ሸለቆዎችና በዋሻዎች የተሞላ ደን አለ። ጎብኚ ውበታቸውን ያደንቃል፤ ከባርነት ላመለጠ ሰው ግን ምሽጎች ነበሩ። እንግሊዝ በ1655 ደሴቲቱን ከስፔን ስትነጥቅ ወደ ተራራ የሸሹት አፍሪካውያንና በኋላ የተከተሏቸው ሁሉ ማሩን ተባሉ። በምሥራቅ ናኒ የተባለችው ሴት፣ በምዕራብ ደግሞ ኩጆ እየመሯቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ለዓመታት ተዋጉ፤ በ1739 ቅኝ ገዥው መንግሥት ነፃነታቸውንና መሬታቸውን በውል ሊያውቅላቸው ተገደደ። ውሉ ግን መራራ አንቀጽ ነበረው፤ ማሩኖች ከዚያ ወዲህ የሚያመልጡትን ባሮች ለጌቶቻቸው እንዲመልሱ ያስገድድ ነበር። አንዱን ነፃ አውጥቶ በሌላው ላይ ዘበኛ ማድረግ የገዥዎች የቆየ ጥበብ ነው። የአኮምፖንግ መንደር ነዋሪዎች በየዓመቱ ጃንዋሪ 6 ቀን የዚያን ትግል መታሰቢያ ያከብራሉ።

በብሉ ማውንቴንስ የሚበቅለው ስመ ጥር ቡናም ለእኛ ባዕድ አይደለም። መነሻው የእኛው ምድር የሆነው ተክል በ1728 በቀድሞው አገረ ገዥ በኒኮላስ ሎውስ አማካይነት ጃማይካ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ያለማው ግን የባሪያ ጉልበት ነበር።

ማዕዱም እንዲሁ የታሪክ መዝገብ ነው። የአገሩ ብሔራዊ ምግብ አኪና የጨው ዓሣ ነው። አኪ በ18ኛው መቶ ዓመት ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ፍሬ ሲሆን፣ በዛፉ ላይ በስሎ ራሱን ካልከፈተ መርዝ ስለሆነ ጊዜው ተጠብቆ ይለቀማል። አብሮት የሚሠራው በጨው የደረቀ ኮድ ዓሣ፣ የእርሻ ጌቶች ከሰሜን አሜሪካ ጠረፍ እያስጫኑ ለባሮቻቸው በርካሽ የሚገዙት ቀለብ ነበር። ካፒቴን ዊልያም ብላይ በ1793 የዳቦ ፍሬ የሚባለውን ተክል ያመጣውም ለዚሁ ዓላማ ነው። በፖርትላንድ ጠረፍ፣ በቦስተን ቤይ፣ በፒሜንቶ እንጨት ጭስ የሚጠበሰው ጀርክ ግን ከጌታ እጅ የተገኘ አይደለም፤ ማሩኖች የዱር አሳማ ሥጋ በቅመምና በሚያቃጥል ቃሪያ አሽተው በጫካ ያዘጋጁት የነበረ የነፃ ሰው ምግብ ነው። የእኛ ሰው አሳማውን ቢሸሽ ዶሮው አለለት።

ወደ ባሕሩ ዳር ስንወርድ ግን ታሪኩ ያልተዘጋ ሙግት ይሆናል። ባርነት በ1838 ፈጽሞ ሲቀር ነፃ የወጡት ሰዎች ወደ ኮረብታው እየወጡ እንደ ስላይጎቪል ያሉ ነፃ መንደሮችን መሠረቱ፤ ለም ሜዳውና ጠረፉ በአብዛኛው በእርሻ ጌቶች እጅ ቀረ። በ1865 ፖል ቦግል የፍትሕ ጥያቄ አንግቦ ሕዝብ አስከትሎ ወደ ሞራንት ቤይ ወረደ፤ ደም ያፋሰሰ ሁከት ተነሣ፤ አገረ ገዥው ኤድዋርድ አይር ባወጀው ወታደራዊ ሕግም ቦግልን ጨምሮ ከ400 በላይ ሰዎች ተገደሉ።

በ1956፣ ነፃነት ከመምጣቱ ስድስት ዓመት በፊት፣ በወጣው የባሕር ዳርቻ ቁጥጥር ሕግ የዳርቻው መብት በእንግሊዝ ዘውድ እጅ ሆነ፤ ለተራው ዜጋ በባሕር ዳር የመመላለስና የመዋኘት አጠቃላይ መብት አልተደነገገለትም። በ1962 ባንዲራው ሲለወጥ ሕጉ አልተሻረም። ከዚያ ወዲህ ሆቴሎች በሰሜኑ ጠረፍ ተደረደሩ፤ አጥሩም አብሮ ረዘመ። ሕዝብ የሚገባባቸው ዳርቻዎች አሉ፤ ይሁንና አያቶቻቸው ወደዋኙበት ውኃ የሚወስደው መንገድ የተዘጋባቸው ሰዎች በ2020ዎቹ ጉዳያቸውን ፍርድ ቤት አድርሰውታል።

ውድ አንባቢ፣ ወደዚያች ደሴት የመሄድ ዕድል ቢገጥምዎ ከሆቴሉ አጥር ወጣ ይበሉ፤ ቡናውን ይጠጡ፤ ጀርኩንም ይቅመሱ። በነጩ አሸዋ ላይ ሲራመዱ ግን አንድ ነገር ራስዎን ይጠይቁ፤ እኔ እንግዳው በገንዘቤ እዚህ ስገባ የአገሩ ልጅ ወዴት አለ? ምድሩን ከባዕድ ገዥ ያስለቀቀ ሕዝብ ከገዛ ባሕሩ በአጥር ከተለየ፣ ነፃነቱ ገና መንገድ ላይ ነው።