ምጽዋትና ማዕድ፤ የሰሜን ሸዋ ባለ እጆች ታሪክ

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ድኻን ማብላት ከባለጸጋ ሁሉ የሚጠበቅ ምግባረ ሠናይ ነበር። በሰንበቴና በዝክር ቀንም እንጀራና ጠላ ለነዳያን ይታደል ነበር። ይህ ልማድ ብዙ ነፍስ ማትረፉ የማይካድ ነው። ነገር ግን ሰጪውን በላይ፣ ተቀባዩን በታች እንዳሉ ይተዋቸዋል። ይህንንም በጉልህ የሚያስረዳው የባለ እጆች ታሪክ ነው።

ገበሬው ያለ ብረት ቀጥቃጩ ማረሻ አያርስም፤ ሚስቱም ያለ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ እንጀራ አትጋግርም። እንዲህ ሲሆን ባለ እጆቹ «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ተብለው ይፈሩና ይናቁ ነበር። ባላባቱ ከእነርሱ ጋር አይጋባም፤ ብዙዎቹም ርስት አልነበራቸውም። ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. በሸዋ የቆየው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ፣ በአንኮበር አካባቢ ሕዝቡ እንደ ጠንቋይ የሚፈራቸው ጠይቦች መኖራቸውን ጽፏል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለሙያቸው ሲል ይጠብቃቸው ነበር። ሆኖም የንጉሡ ጥበቃ የጎረቤታቸውን ንቀት አላስቀረም።

በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ፣ ከብቱ በበሽታ ባለቀ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ለረኃብተኛው ከፈቱ። ከዚህም ሌላ በሬ በመጥፋቱ መቆፈሪያ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ ይህንም ያደረጉት መኳንንቱ በእጅ መሥራትን እንዳይንቁ ብለው ነው። እነዚህ ሁለት ሥራዎች አንድ አይደሉም። እህሉ የተራበውን አጠገበ፤ መቆፈሪያው ግን የጠገበውን ሰው ትዕቢት ነካ። በ1900 ዓ.ም. ያወጡት አዋጅም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ገበሬውን በሥራው መስደብን ከልክሎ፣ የሰው ልጅ ሁሉ የአዳምና የሔዋን ዘር መሆኑን አሳሰበ።

ይሁን እንጂ አዋጅ አንደበትን ቢገታ ማዕድን አይከፍትም። ከሰሜን ሸዋ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቀጨኔ የሰፈሩትን ባለ እጆች የቡዳነት ስም እዚያም ተከተላቸው። የርስቱ ልዩነት በሕግ የተሻረው የገጠር መሬት አዋጅ በወጣበት በ1967 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ማረስ የፈቀደ ሁሉ መሬት የመያዝ መብት አገኘ።

እንግዲህ ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ማኅበር የትሩፋቱን ልክ በደጅ ባደለው እንጀራ ብቻ ቢመዝን፣ ራሱን ሳይመረምር ይኖራል። የማኅበሩ ጽዋ ለማን እንደሚደርስ፣ ልጁን ለማን እንደሚድር፣ መሬቱስ በማን እጅ እንዳለ ሲጠይቅ ግን የራሱን ማዕርግ ይነካል። ምጽዋት ሰጪውን ትርፉን ያስከፍለዋል፤ ፍትሕ የሚያስከፍለው ግን የተቀመጠበትን ስፍራ ነው።